ዶሜይን ሻጮች በሒሳብ እንዳይጫወቱባችሁ፦ ከግዢ እስከ መልቀቅ ዝርዝር መመሪያ

ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይት ስም ወይም አድራሻ፣ ርካሽ ነገር ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ከርካሽነቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዶት ኮም የሚያልቁ ስሞችን በዋናው መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ለእኛ በቀጥታ አይሸጥም። የሚሸጡልን ሬጅስትራር የሚባሉት ድርጅቶች ናቸው። ፈቃድ የሚሰጣቸው ደግሞ አይካን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ነው። ቬሪሳይን ከሬጅስትራሩ ላይ ለአንድ ስም በዓመት የሚቀበለው ዋጋ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ሆኗል። አይካን 20 ሳንቲም ገደማ ይጨምርበታል። በቃ፣ የዶት ኮም የጅምላ ዋጋ ይኼው ነው፤ ወደ 10 ዶላር ተኩል።

ታዲያ "በ1 ዶላር ብቻ!" እያለ የሚያስተዋውቀው ሻጭ ቀሪውን ከየት ያመጣል? ከእናንተው ነው። ዛሬ ያልተቀበላችሁን በእድሳት፣ በማያስፈልግ ተጨማሪ አገልግሎት፣ ወይም ቀኑን ስትረሱ በቅጣት ይቀበላችኋል። ብዙው አሠራር በሕግ ወንጀል አይደለም። ግን ሰው እንዳያስተውል ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

ይህን የጻፍኩት በተለይ ጎንደር ላይ የእንግዳ ማረፊያ፣ የአስጎብኚ ድርጅት፣ ሱቅ ወይም ክሊኒክ ኖሯችሁ ዌብሳይት ላላችሁ ወይም ልትከፍቱ ላሰባችሁ ነው። የስሜን ተራራ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ደንበኛው የሚያገኘው በኢሜይል ነው። ዶሜይኑ ከሞተ ኢሜይሉም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

ደረጃ 1፦ ከዋጋው በፊት ባለቤትነቱን ጨርሱ

ከሁሉም ደረጃ ይኼ ይበልጣል። ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይኼን አትዝለሉ።

አብዛኛው የጎንደር ነጋዴ ዶሜይን የሚገዛው ራሱ አይደለም። የዶላር ካርድ የለውም። ፒያሳ አካባቢ ዌብሳይት የሚሠራ ልጅ ይፈለጋል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ይላክለታል፣ ልጁ ባለው ካርድ ይገዛል። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ልጁ የድካሙን ማስከፈሉም ተገቢ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ስሙን በራሱ አካውንትና በራሱ ኢሜይል ሲያስመዘግበው ነው። ዓመት ሲሞላ "ዶላር ጨምሯል፣ የዘንድሮው ይህን ያህል ነው" ቢላችሁ የት ትሄዳላችሁ? ካርታው በደላላው ስም በወጣ ቤት ላይ ስለ ዋጋ እንደመከራከር ነው።

ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ሊሄድ፣ ከአገር ሊወጣ፣ ስልኩ ሊጠፋበት ይችላል። ውጤቱ ለእናንተ ያው ነው።

ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀመራል።

"እትዬ፣ እሱን እኔ ጋ ይሁንልዎ፤ እርስዎ ምን አስጨነቀዎት?"

መልሱ ይህ ይሁን። "ልጄ፣ አልተጨነቅሁም። ግን አካውንቱን በእኔ ኢሜይል ክፈትልኝ። ክፍያውን አንተው ፈጽምልኝ፣ የድካምህን ደግሞ ለብቻው ንገረኝ።"

ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ከተቀየመ ሌላ ፈልጉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ኢሜይል ክፈቱ። ጂሜይል ይበቃል። በምትገዙት ዶሜይን ላይ የተመሠረተ ኢሜይል ግን ለዚህ አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲቆም ማስጠንቀቂያው ራሱ አይደርሳችሁም። ቀጥሎ የሬጅስትራሩን አካውንት በዚያ ኢሜይል ክፈቱ። የባለቤት ስም በሚለው ቦታ የእናንተ ወይም የድርጅታችሁ ስም፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ሆኖ ይግባ። ፓስዎርዱ እናንተ ጋ ይቀመጥ። ልጁ ካርዱን አስገብቶ ከከፈለ በኋላ ካርዱን ከአካውንቱ ያውጣ። ይህ ለእሱም ይጠቅመዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሳያውቅ አይቆረጥበትም።

በግዢው ሰሞን ኢሜይላችሁን እንድታረጋግጡ የሚጠይቅ መልእክት ይመጣል። ይኼኛው እውነተኛ ነው። በ15 ቀን ውስጥ ካላረጋገጣችሁ ሬጅስትራሩ ዶሜይኑን ሊያግደው ይችላል።

አስቀድሞ በሰው እጅ ያለ ዶሜይን ካላችሁስ? ሉክአፕ ዶት አይካን ዶት ኦርግ የሚለው ገጽ ላይ ስሙን አስገቡ። የተመዘገበበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የሬጅስትራሩ ስም ይወጣል። የባለቤቱ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሸፍኖ ነው የምታገኙት። ስለዚህ "በስምዎ ነው" ቢሏችሁ ገጹን አይታችሁ ማረጋገጥ አትችሉም። ትክክለኛው ፈተና ሌላ ነው። አካውንቱ ውስጥ በራሳችሁ ኢሜይልና ፓስዎርድ መግባት ትችላላችሁ? የማዛወሪያ ኮዱን (ዶሜይኑን ወደ ሌላ ሬጅስትራር ለመውሰድ የሚጠየቀውን ምስጢራዊ ቃል) ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ሳትጣሉ፣ በሰላሙ ጊዜ አዛውሩት። የእድሳት ሰሞን ድረስ አትጠብቁ።

ለአማላጁ፣ ማለትም ዶሜይኑን ለሚገዛላችሁ ሰው፣ ስትከፍሉ ሒሳቡ ተከፋፍሎ ይጻፍ። የዶላሩ ዋጋ፣ የተጠቀመበት ምንዛሬ፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ የሚቀጥለው ዓመት እድሳት ስንት ዶላር እንደሆነ። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል። "ዶላር ጨምሯል" የሚለው ምክንያት እውነት የሆነበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ግን እውነት የሚሆነው በዶላር ሲጻፍ ዋጋው ያው ከሆነ ነው። በብር ብቻ የተጻፈ ሒሳብ የጨመረው ምንዛሬው ይሁን ሰውየው አይለይም። የንግድ ፈቃድ ያለው ድርጅት ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ ጠይቁ። ቫት 15 በመቶ እያሉ የሚያስከፍሉ ከሆነ ደረሰኙ ላይ መታየት አለበት። ያለ ደረሰኝ ቫት የለም።

ደረጃ 2፦ የአምስት ዓመቱን ሒሳብ ሥሩ

የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ እርሱት። ሬጅስትራሮችን ስታወዳድሩ የምትፈልጉት የእድሳት ዋጋ ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ ከትልቁ ቁጥር ሥር በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፣ አንዳንዱ ላይ ጠቅ ካላደረጋችሁ አይወጣም። መደበቅ ግን አይፈቀድለትም። በአይካን ደንብ መሠረት ሬጅስትራር የእድሳት ዋጋውንና ካበቃ በኋላ የማስመለሻ ዋጋውን በዌብሳይቱ ላይ ማሳየት አለበት። ፈልጋችሁ ካጣችሁት እዚያ አትግዙ።

ስሌቱን አንድ ጊዜ ብናየው ጥሩ ነው። አንዱ ሻጭ የመጀመሪያውን ዓመት በ1 ዶላር፣ እድሳቱን በ22 ዶላር፣ የስም መደበቂያውን (የባለቤቱ ስምና አድራሻ ለሰው እንዳይታይ የሚያደርገውን) በዓመት 10 ዶላር ይሰጣል እንበል። አምስት ዓመት፦ 1 ሲደመር 88 ሲደመር 50፣ ማለትም 139 ዶላር። ሌላው ከመጀመሪያውም ዓመት 11 ዶላር ይላል፣ መደበቂያው ነፃ ነው። አምስት ዓመት፦ 55 ዶላር። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን 150 ብር ብላችሁ ብትቆጥሩት አንዱ 20,850 ብር፣ ሌላው 8,250 ብር ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን ርካሽ የሚመስለው የመጀመሪያው ነበር።

መለኪያ ከፈለጋችሁ ክላውድፍሌር የሚባለው ኩባንያ ዶሜይን የሚሸጠው በጅምላ ዋጋው ነው፣ ትርፍ አይጨምርበትም። የራሱን ኔምሰርቨር (ዶሜይኑን ከዌብሳይቱና ከኢሜይሉ ጋር የሚያገናኘውን ኮምፒውተር) መጠቀም ግዴታ ስለሆነ ለሁሉም ሰው ይመቻል አልልም። ግን የእሱን ዋጋ ካያችሁ ሌላው ምን ያህል እንደጨመረ ወዲያው ይገባችኋል።

ስለ ስም ምርጫ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ዶት ኮም ወይም ዶት ኦርግ ከተገኘ እሱን ያዙ። አዳዲሶቹ መጨረሻዎች በመጀመሪያው ዓመት በጣም ይረክሱና እድሳታቸው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከእነሱ ውስጥ "ፕሪሚየም" የተባለ፣ ማለትም ተፈላጊ ነው ተብሎ ዋጋው የተሰቀለ ስም ከሆነ ደግሞ እድሳቱም በየዓመቱ በፕሪሚየም ዋጋ ሊሆን ይችላል። ዶት ኮም ጣሪያ አለው። ቬሪሳይን በየስድስት ዓመቱ ውስጥ ባሉት የመጨረሻ አራት ዓመታት በዓመት ቢበዛ 7 በመቶ ነው መጨመር የሚችለው። ሁለተኛ፣ ስሙን የምትፈልጉት ልትገዙ ስትዘጋጁ ይሁን። በ2008 እ.ኤ.አ. ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው ሬጅስትራር ሰዎች ፈልገው ሳይገዙ የሄዱትን ስም ራሱ ለአራት ቀን እየያዘ፣ ስሙ ከእሱ ዘንድ ብቻ እንዲገዛ ያደርግ ነበር። ከፍተኛ ተቃውሞ ተነስቶበታል።

በዶት ኢቲ የሚያልቅ ስም ከፈለጋችሁ መንገዱ ሌላ ነው። እሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የአይካን የማዛወርና የእድሳት ደንቦች እንደ ዶት ኢቲ ላሉ የአገር መጨረሻዎች አይሠሩም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ማዛወር የምለው ለዶት ኮምና ለመሰሎቹ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ክፍያ ገጹ ላይ አትቸኩሉ

ስም መርጣችሁ ወደ ክፍያ ስትሄዱ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የገዛችሁት። መክፈያው ላይ ስትደርሱ አራት ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። እያንዳንዱን መስመር አንብቡ።

መጀመሪያ ዓመቱን እዩ። አንድ ዓመት ያላችሁት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ተደርጎ ይጠብቃችኋል። የ1 ዶላሩ ዋጋ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ስለሆነ ድምሩ ወዲያው ይዘላል።

የስም መደበቂያ ክፍያ ካለ አጥፉት። የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ በሜይ 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ አብዛኛው ሬጅስትራር የባለቤቱን አድራሻ ሳትጠይቁት ይሸፍነዋል። ብዙዎቹም መደበቂያውን በነፃ ይሰጣሉ። ለዚህ በዓመት 10 ዶላር የሚጠይቅ ሻጭ ሌላውም ነገር ላይ እንዲሁ ነው።

"የዶሜይን ጥበቃ" የሚባል ነገር ይመጣል። አንዳንዱ ውስጡ ሲታይ ያው ዶሜይኑ ሳይፈቀድ እንዳይዛወር የሚቆልፈው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ማንኛውም ደህና ሬጅስትራር ዘንድ በነፃ አለ። ኤስኤስኤልም (በዌብሳይቱና በጎብኚው መካከል የሚያልፈውን መረጃ የሚያመሰጥረው) እንዲሁ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል፣ ብዙ ሆስቲንግ ሻጮች (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚያከራዩት) ይጠቀሙበታል። ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ዌብሳይት ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ከሁሉ የከፋው "ለመጀመሪያው ወር ነፃ" የሚባለው ኢሜይልና ዌብሳይት መሥሪያ ነው። ነፃው ወር ሲያልቅ ካርዳችሁ ላይ ይቆረጣል። ካልፈለጋችሁት አሁኑኑ ከዝርዝሩ አውጡት። "በኋላ አቋርጠዋለሁ" የሚባል ነገር የለም፤ ማቋረጫውን ፍለጋ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

"ሆስቲንግ ከገዛችሁ ዶሜይን ነፃ" የሚለውም አለ። ይኼ መጥፎ ላይሆን ይችላል፣ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። በወር የተጻፈው ዋጋ የሚከፈለው የስንት ዓመት በአንድ ጊዜ ነው? 36 ወር ሊሆን ይችላል። ሆስቲንጉን ብትተዉና ገንዘብ ይመለስ ብትሉ የዶሜይኑ ዋጋ ይቀነሳል? አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይቀነሳል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የዶሜይኑ እድሳት ስንት ነው? እኔ ብሆን ዶሜይኑን አንድ ቦታ፣ ሆስቲንጉን ሌላ ቦታ እገዛለሁ። አንዱ ቢያስቀይመኝ ሌላውን መያዣ ሊያደርግብኝ አይችልም።

ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ። ዋጋው፣ ዓመቱ፣ የእድሳት ዋጋው የሚታይበት ይሁን። ደረሰኙ በኢሜይል ሲመጣ ከእሱ ጋር አስቀምጡት። ኋላ ክርክር ቢነሳ የምታሸንፉት በዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ካርዱን በልኩ

በዚህ ጉዳይ የእኛ አገር ሰው ችግር ከሌላው የተለየ ነው። ሌላው ዓለም የሚያማርረው ካርዱ ላይ ሳያውቅ እየተቆረጠበት ነው። እኛ ደግሞ ሊቆረጥ ሲገባ ሳይቆረጥ ይቀርና ዶሜይኑ ይጠፋብናል። ካርዱ ያለው የሌላ ሰው ነው፣ ወይም ዶላር አልተሞላበትም፣ ወይም ጊዜው አልፏል።

ዋሽንግተን ያለ ወንድም ወይም አክስት ከከፈሉላችሁ ነገሩን ግልጽ አድርጉላቸው። ካርዳቸው አካውንቱ ላይ ተቀምጦ በራስ ሰር እድሳቱ ከበራ፣ በየዓመቱ ሳይነገራቸው ይቆረጥባቸዋል። አንዳንዱ ሬጅስትራር ከማብቂያው ቀን ሳምንታት ቀድሞ ነው የሚቆርጠው። ዘመድ ደግሞ ይሉኝታ ይይዘውና አይናገርም።

የምመክረው እንዲህ ነው። ቋሚ የራሳችሁ የዶላር ካርድ ካላችሁ፣ ዶሜይኑ ላይ ያለውን በራስ ሰር እድሳት አብሩት፣ ሌላውን አገልግሎት በሙሉ አጥፉት። ዶሜይኑና ተጨማሪው አገልግሎት የየራሳቸው ማብሪያ ማጥፊያ ስላላቸው ለየብቻ መታየት አለባቸው። በየጊዜው የሚሞላ ካርድ ከሆነ ለእድሳቱ የሚበቃውን ብቻ ሙሉበት። የሰው ካርድ ከሆነ ግን እድሳቱን አጥፉና ካርዱን አውጡ፤ ከዚያ የብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ ክፈሉ። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ ወደፊት መክፈል ይቻላል። ይህ ከዋጋ ጭማሪም ከምንዛሬም ያስጥላል። ግን ወደ ደህና ሬጅስትራር ከገባችሁ በኋላ አድርጉት እንጂ በ22 ዶላር ሒሳብ የአምስት ዓመት አትክፈሉ።

ደረጃ 5፦ ቀኑን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ጻፉ

የሚያበቃበትን ቀን ከሉክአፕ ገጹ ላይ ውሰዱና ወደ እኛ ቀን ለውጡት። ጃንዋሪ 12 ከሆነ ጥር 4 ነው፣ ከጥምቀት አንድ ሳምንት በፊት። ለጎንደር ሰው ከዚህ የባሰ ቀን የለም። አልጋ ሁሉ የተያዘበት፣ ስልክ የማይዘጋበት፣ ማንም ኢሜይል ረጋ ብሎ የማያነብበት ሳምንት ነው። ሰዓቱም ልብ ይባል። ገጹ ላይ የሚታየው ሰዓት በግሪንዊች አቆጣጠር ስለሆነ እኩለ ሌሊት የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ቀኑ ሥራ በሚበዛባችሁ ወቅት ላይ ከወደቀ ቀድማችሁ አድሱ። በጥቅምት ብትከፍሉም የቀራችሁ ወራት አይቃጠሉም፣ አዲሱ ዓመት በላያቸው ይደመራል።

ሬጅስትራሩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሊያስታውሳችሁ ይገባል። አንዱ ከማብቂያው ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ሲቀረው። ካለፈ በኋላም በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ማሳወቂያ አለ። ይህ የአይካን ግዴታ ነው። ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማን ኢሜይሉን በሰዓቱ ያነብ ነበር? ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉና የንግድ ፈቃዱ በሚታደስበት ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።

ከሬጅስትራሩ የሚመጣ "አዲስ አገልግሎት" የሚል ኢሜይልንም አንብቡ። በጃንዋሪ 2014 እ.ኤ.አ. ያው ኔትወርክ ሶሉሽንስ፣ እምቢ ካላሉ በቀር ለመጀመሪያው ዓመት 1,850 ዶላር የሚያስከፍል የጥበቃ አገልግሎት ውስጥ እንደሚያስገባቸው ለአንዳንድ ደንበኞቹ ጽፎ ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ወደኋላ አለ። ዝም ማለት እሺ ማለት ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል ማለት ነው።

ከፍላችሁ ካደሳችሁ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ወደ ሉክአፕ ገጹ ተመለሱና ቀኑ ወደፊት መሄዱን እዩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሬጅስተርፍላይ የተባለው ሬጅስትራር ፈቃዱን የተነጠቀው ደንበኞች እየከፈሉ ስሞቻቸው ሳይታደሱ ይቀሩ ስለነበር ነው። ደረሰኝ በእጅ መያዝ ብቻ አይበቃም። አማላጅ "አድሼልዎታለሁ" ሲላችሁም ማረጋገጫው ይኸው ገጽ ነው።

ደረጃ 6፦ የሐሰት ሒሳብ መጠየቂያ

ዶሜይን ከገዛችሁ በኋላ ከማታውቁት ድርጅት ኢሜይል ይመጣል። ሒሳብ መጠየቂያ ይመስላል። የዶሜይናችሁ ስም አለበት፣ ቀኑ አለበት፣ "የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ" ይላል። በደቃቁ ሲነበብ ግን የሚሸጠው እድሳት አይደለም፣ "በጉግል የማስመዝገብ አገልግሎት" የሚባል የማይረባ ነገር ነው። ወይም ደግሞ ሳታውቁት ዶሜይኑን ወደ እነሱ ማዛወር ነው።

ይህ የቆየ ዘዴ ነው። ዶሜይን ሬጅስትሪ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ድርጅት በፖስታ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ይልክ ስለነበር የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2003 እ.ኤ.አ. በስምምነት ጉዳዩን ዘግቶበታል። ከእሱ ጋር ግንኙነት የነበረውን የካናዳ ሬጅስትራር ደግሞ አይካን በ2014 እ.ኤ.አ. ለጊዜው አግዶት ነበር።

ሌላው መልክ ከእስያ የሚመጣው ነው። "አንድ ኩባንያ የእናንተን ስም በቻይና ሊያስመዘግብ ነው፣ ካልተቃወማችሁ እንፈቅድለታለን" ይላል። መልስ አትስጡ። ቻይና ውስጥ የማትነግዱ ከሆነ ይመዝገብ።

መለያው ቀላል ነው። ገንዘብ የምትከፍሉት በሉክአፕ ገጹ ላይ ስሙ ለሚታየው ሬጅስትራር ብቻ ነው። እሱንም ኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ ሳትነኩ፣ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ገብታችሁ።

ደረጃ 7፦ ካለፈባችሁ አትደንግጡ፣ ግን አትዘግዩ

ዶት ኮም ባለቀበት ቀን ወዲያው ለሌላ ሰው አይሰጥም። መጀመሪያ ሬጅስትራሩ እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። በዚህ ጊዜ ዌብሳይቱ ጠፍቶ የማስታወቂያ ገጽ ቢመጣ ዶሜይኑ እንዳልታደሰ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ በመደበኛው ዋጋ ይታደሳል። አንዳንዱ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ "የመዘግየት ክፍያ" ይጀምራል፣ ወይም ስሙን ለጨረታ ያወጣዋል። 45 ቀን መብታችሁ አይደለም፣ የሬጅስትራሩ ውሳኔ ነው።

ከዚያ ከተሰረዘ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ሒሳብ የሚመጣው። ከእድሳቱ በተጨማሪ 80 ዶላር፣ መቶ ዶላር፣ ከዚያም በላይ የሚጠይቁ አሉ። ዋጋው ዌብሳይታቸው ላይ ካለው ከበለጠ ተከራከሩ። 30 ቀኑም ካለፈ አምስት ቀን ቆይቶ ስሙ ለሁሉም ክፍት ይሆናል።

አማላጅ "ማስመለሻው 300 ዶላር ነው" ካላችሁ የሬጅስትራሩን የዋጋ ገጽ እዩ። ልዩነቱ የማን ኪስ እንደሚገባ ያኔ ይታወቃል።

ደረጃ 8፦ አላግባብ ከተቆረጠባችሁ

መጀመሪያ ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ አመልክቱ። በስልክ አይሁን። ምን ያህል፣ መቼ፣ ለምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደምትፈልጉ በአራት መስመር ጻፉ። ስክሪንሾቱን አያይዙ።

"ገንዘቡን ዋናው መዝገብ ወስዶታል፣ መመለስ አንችልም" የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አዲስ የተገዛ ዶት ኮም በአምስት ቀን ውስጥ ከተሰረዘ መዝገቡ ለሬጅስትራሩ ገንዘቡን ይመልሳል። በራስ ሰር የታደሰም ማብቂያው ካለፈ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ከተሰረዘ እንዲሁ። ሬጅስትራሩ ለእናንተ የመመለስ ግዴታ ባይኖርበትም ምክንያቱ ግን ያ አይደለም። ይህን እንደምታውቁ ስትነግሩት ቋንቋው ይለሰልሳል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሠራው ስሙን የማትፈልጉት ከሆነ ነው፤ ተሰርዞ ነው ገንዘቡ የሚመለሰው።

ካልሆነ ወደ አይካን ሂዱ። አቤቱታ ማቅረቢያው ዌብሳይቱ ላይ ነው፣ ክፍያ የለውም። ግን አቀራረቡን ዕወቁበት። አይካን ስለ ዋጋና ስለ ገንዘብ ተመላሽ አይዳኝም። "ብዙ አስከፈሉኝ" ካላችሁ "አይመለከተንም" ብለው ይዘጉታል። የሚያዩት ደንብ ሲጣስ ነው። የማስታወሻ ኢሜይሎቹ አልተላኩልኝም፣ የማስመለሻ ዋጋው ዌብሳይቱ ላይ የለም፣ የማዛወሪያ ኮድ ከለከሉኝ። ጉዳያችሁ ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ካለ እሱን አስቀድማችሁ ጻፉ።

በባንኩ በኩል ክፍያውን ማስቀልበስ የመጨረሻው ነው። ባንኩ ገንዘቡን ሊመልስላችሁ ይችላል። ሬጅስትራሩ ደግሞ አካውንቱን በሙሉ፣ ውስጡ ካሉት ሌሎች ዶሜይኖች ጋር ሊቆልፈው ይችላል። ለ20 ዶላር ብላችሁ የምትሠሩበትን ስም አታጋልጡ።

ሻጩ እዚሁ ከተማ ያለ ድርጅት ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል። ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ግን በአንድ የጋራ ወዳጅ ፊት ቢነገረው አብዛኛው ሰው ያርማል።

ደረጃ 9፦ መልቀቅ

ከሬጅስትራሩ ጋር ከመጨቃጨቅ ማዛወር ይሻላል። ዶሜይኑ ከተገዛ ወይም ከተዛወረ 60 ቀን ካለፈው መልቀቅ ትችላላችሁ። የባለቤት ስም መቀየርም በብዙ ቦታ ሌላ 60 ቀን ሊያስቆልፍ ስለሚችል መጀመሪያ አዛውሩ፣ ስሙን ከዚያ በኋላ አስተካክሉ።

አካውንቱ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን ክፈቱ። የማዛወሪያ ኮዱን ጠይቁ። ከጠየቃችሁ በአምስት ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ኮዱን አዲሱ ሬጅስትራር ላይ አስገቡና የአንድ ዓመት ክፈሉ። ይህ ክፍያ የማዛወሪያ ብቻ አይደለም፣ በቀራችሁ ጊዜ ላይ አንድ ዓመት ይደመራል። ከዚያ እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። በመሀል የድሮው ሬጅስትራር "ሊለቁን ነው? ለማስቆም እዚህ ይጫኑ" የሚል ኢሜይል ይልካል። አትጫኑት። "የሚቀጥለውን ዓመት ካልከፈላችሁ አንለቅም" ማለት አይችሉም፤ ያልደረሰ ዓመት ክፍያ ማዛወር ለመከልከል ምክንያት እንደማይሆን በደንቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ጊዜውን ግን ምረጡ። ማብቂያው ቀን ከመድረሱ ከወር በላይ ቀደም ብላችሁ ውጡ። በራስ ሰር ከታደሰ በኋላ በ45 ቀኑ ውስጥ ካዛወራችሁ ለድሮው የከፈላችሁት ዓመት አይደመርላችሁም። ገንዘቡን ከእሱ መጠየቅ ይኖርባችኋል፣ እሱ ደግሞ አይቸኩልም።

ከመዛወሩ በፊት የኔምሰርቨሮቹንና የኢሜይሉን ቅንብሮች ስክሪንሾት አንሱ። የድሮው ሬጅስትራር ኔምሰርቨር ላይ ከነበራችሁ ዌብሳይቱና ኢሜይሉ ሊቋረጥ ይችላል።

ዝውውሩ ሲያልቅ ወደ ድሮው አካውንት አንድ ጊዜ ተመለሱ። ዶሜይኑ ሄደ ማለት ሌላው ሄደ ማለት አይደለም። ኢሜይሉ፣ ኤስኤስኤሉ፣ "ጥበቃው" እዚያው ቀርቶ በየዓመቱ ሊቆርጥ ይችላል። እያንዳንዱን አቋርጡ፣ የማቋረጫ ማረጋገጫውን ኢሜይል ያዙ፣ ካርዱን አውጡ። ካርዱ አልወጣ ካላችሁ የሚከለክለው አንድ ያልተቋረጠ አገልግሎት አለ፤ እሱን እስክታገኙት ድረስ ፈልጉ።